ማሽኑ ያላየው ቦታ

ብራውሊዮ ኢንስፍራን ዶኛ ኦቲሊያ ሳሙዲዮን ያገኛቸው ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በገዛ ድንጋያቸው ሥር ነው። የሰሜኑ ነፋስ ከማለዳ ጀምሮ የሐይቅ ዳሯን ከተማ አሬጓን ሲለበልባት ውሎ የመንገዱ ቀይ አቧራ እስከ ሥራ ቤቱ መሐል ገብቶ ነበር። ስምንት ወር የጠረቡት፣ ወገቡ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ያለበት ጥቁር ድንጋይ ደረታቸው ላይ ተጋድሟል።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ድንጋያቸውን ሲያለሰልስ የኖረው ሰው አልጮኸም። ከግድግዳው ላይ ሌላ ጠፍር አወረደ፤ ድንጋዩን ጠፈረ፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን የዕቃ ማንሻ ካቴና ሳበ። መቶ ሰማንያ ኪሎ ክብደት በአንድ እጅ ጉተታ ብድግ አለ። ማንሻው እንዲህ ነው፤ ሕፃን እንኳ ያነሣበታል። ብራውሊዮ ይህን ነገር በኋላ ደጋግሞ አስቦታል።

ቀጥሎ የሠራው ሥራ ግን ስሕተት ነበር። የዶኛ ኦቲሊያ እጆች እስከ ክርናቸው ድረስ ነጭ ነበሩ። ምን እንደ ነካቸው አልጠየቀም። በዚያ ሰፈር የሞተን ሰው እንዳደፈ ለጎረቤት ዐይን መተው ነውር ነው። በባልዲ ውሃ አመጣ፤ እጃቸውን ጣት በጣት፣ ጥፍራቸው ሥር ሳይቀር አጠበ፤ በሸሚዙ አደረቀ። ፊታቸውን በነጠላ ጨርቅ ሸፈነ። የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው።

የአካባቢው ሳጅን መጣና የማንሻውን መንጠቆ ሽቅብ አየ።

«ቋጠሮው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያው የገደላቸው ቋጠሮህ ነዋ!» አለ ሳጅኑ፣ እየጻፈ። በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚል ወረቀት ነበር። ሥራ ቤቱን አሸገና ሄደ።

ያን ሌሊት ብራውሊዮ ወህኒ መውረዱን አላሰበም። በአልጋው ላይ ተጋድሞ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ ነኝ የገደልኳቸው? በዚህ እጄ?

*

ጋዜጦች ስለ ጮኹ፣ እሑድ ዕለት ከአሱንሲዮን መርማሪ ተላከ። ኮሚሳር ፔትሮና ኦቬላር አጭርና ደልዳላ ሴት ነበረች፤ ቴሬሬ ለሚባለው የቀዝቃዛ ቅጠል መጠጧ የውሃ መያዣ በብብቷ ይዛ፣ ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ከመኪና ወረደች።

«ቋጠሮ የማያውቁት ሰው እርስዎ ነዎት?» አለችው፣ ሰላም ሳትል።

«ቋጠሮ የማላውቅ?» ብራውሊዮ ደሙ ፈላ። «እመቤቴ፣ እርስዎ ሳይወለዱ እኔ ከወንዝ ግንድ አወጣ ነበር! በዚህ ጠፍር ሦስት መቶ ድንጋይ አንሥቻለሁ፤ አንዱ ጣቴን እንኳ አልላጠኝም! ደግሞ እርስዎም ሊሰድቡኝ ነው የመጡት?»

«ጎሽ፤ ይቆጡ» አለች። «የሚቆጣ ሰው ይናገራል። በሩን ይክፈቱልኝ።»

ማሸጊያው ተቀደደ። የመጀመሪያው ጠፍር እንደ ነበረ መንጠቆው ላይ ተንጠልጥሏል። ፔትሮና በርጩማ ላይ ወጥታ ቋጠሮውን በሁለት እጇ ጨመቀችው።

«ይሄ እኮ አልተፈታም።»

«አልተፈታም! ለሳጅኑ ነገርኩት። ‹ዝም በል› አለኝ።»

«ጠፍሩም አልተበጠሰም። ቋጠሮው ጥብቅ፣ ውስጡ ባዶ። ታዲያ ድንጋዩ በየት በኩል ወጣ?»

«ሙልጭ ብሎ፣ እንደ ሳሙና። ግን እኮ አይሆንም፤ እኔ ትቼው ስሄድ ድንጋዩም ጠፍሩም ንጹሕ ነበሩ።»

ፔትሮና ወለሉን እያየች ነበር። ከበሩ ስንጥቅ የጀመረ የጉንዳን ሰልፍ ወለሉን አቋርጦ፣ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ፣ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል።

«የእናንተ ሰፈር ጉንዳን ድንጋይ ይበላል እንዴ?»

«ሁሉን ይበላል፤ ጫማዬን በልቷል። ድንጋይ ግን ሲበላ አላየሁም።»

ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ሰዳ ከጥጉ ነጭ ነገር አወጣች። በሁለት ጣቷ መካከል አሸችው፤ አሸተተችው፤ ከዚያም ምላሷ ጫፍ ላይ አደረገችው።

«ካሳቫ» አለች። «የቺፓ ዳቦ ዱቄት። አርባ ዓመት ቺፓ የበላ ምላስ አይሳሳትም። ድንጋዩን መቼ ነው ያጠቡት?»

«በየቀኑ ነው የማጥበው። አለስልሼ ስጨርስ ሦስት ባልዲ ውሃ አፈስበታለሁ፤ ቀዳዳውን በጣቴ እጠርገዋለሁ። ሐሙስም ስድስት ሰዓት ላይ አጥቤ፣ ሥሩን ከሰዓት ላለሰልሰው ከጠረጴዛው አንሥቼ አንጠልጥዬው፣ በአውቶቡስ የተላከልንን የማለስለሻ ዱቄት ላመጣ ሉኬ ሄድኩ። እሳቸው የቀትር እንቅልፋቸውን ሊተኙ ገቡ። ስመለስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል።»

«ስለዚህ ይህ ዱቄት ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ባለው ጊዜ ነው የመጣው» አለች ፔትሮና። ቴሬሬዋን ቀድታ አቀበለችው። ሲጠጣ ጠብቃ ጠየቀችው። «እጃቸውስ?»

«የማን እጅ?»

«ሳጅኑ ‹እጃቸው ንጹሕ ነው› ብሎ ጽፏል። በሥራ ቤቷ የሞተች ድንጋይ ጠራቢ፣ ጥፍሯ ሥር እንኳ ንጹሕ?»

ብራውሊዮ መምጠጫውን ከአፉ አላነሣም። ሬሳ አጥቤያለሁ ብል፣ አለ በልቡ፣ ማስረጃ አጠፋ ይሉኛል፤ ቋጠሮው ላይ ይህ ሲጨመር አለቀልኝ። እሷም አልገፋችውም።

*

በማግስቱ ፔትሮና ከግቢው ማንጎ ሥር ወንበር አስወጥታ ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠራች። ብራውሊዮን አጠገቧ አስቀመጠችው።

«እኔ ምን እሠራለሁ?» አላት።

«ሲዋሹ የሚቆጣ ሰው ያስፈልገኛል።»

መጀመሪያ የመጣችው ሊሳንድራ ነች፤ ከአሱንሲዮን በእጅ የሚያዝ የስካነር ማሽን ይዛ እየዞረች የዕቃ ቅርጽ የምትቀዳ፣ በማተሚያ መልሳ በፕላስቲክ የምታወጣ ባለሙያ። ያለፈው ሰኞ የዶኛ ኦቲሊያ የወንድም ልጅ ዴርሊስ ጠርቷት መጥታ ነበር።

«ለምዝገባ ነው ብሎኝ ነው» አለች። «ደርሼ ማሽኑን አሳየኋቸው። አንድ ማንጎ ቀዳሁ። ሁሉም ሞከሩት። ዴርሊስ የራሱን ፊት ቀዳ፣ ዶን ላውሮ ማንጎውን መልሰው ቀዱ፤ እንደ ልጅ ነው ደስ ያላቸው። ከዚያ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሳነጣጥርበት እምቢ አለ።»

«ለምን እምቢ አለ?»

«ማሽኑ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነገር አያይም። እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነገር ነው ያወጣው። ‹በነጭ ዱቄት መሸፈን አለበት፣ ዐርብ የራሴን መርጫ ይዤ እመጣለሁ› አልኩ። ይህን ስል ዶኛ ኦቲሊያ ገባቸው። ‹ቅጂ ልታወጪ ነው?› አሉኝ። መሮ ይዘው ነበር፤ ማሽኑን ከነሣጥኑ መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ጥዬ ሮጥኩ።»

ብራውሊዮ ከንዴቱ መሐል ሊስቅ ቃጣው። የዚያን ቀን እሱ «ይሄን ጉድ አላይም» ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ግን የእሳቸው ጩኸት ሐይቁ ድረስ ተሰምቷል። «አንድ ድንጋይ አንድ ቃል ነው! ሁለቴ ከተባለ ወሬ ነው!»

«ማሽንሽን መቼ ወሰድሽ?» አለች ፔትሮና።

«በሞታቸው ማግስት፣ ዐርብ፣ ከቀብር መልስ። ከፍቼ ሳይ የጥቁሩ ድንጋይ ሙሉ ቅጂ ውስጡ አለ። ገረመኝ። ዴርሊስ ደግሞ ‹ለዘጠነኛው ቀን ጸሎት ትንንሽ አድርገሽ አትሚልኝ፣ ወራሹ እኔ ነኝ› አለኝ።»

«መቼ እንደ ተቀዳ ማሽኑ አይመዘግብም?»

«ባትሪው ሲያልቅ ሰዓቱ ይጠፋዋል። ለእሱ ሁልጊዜ የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ነው።»

«እና ለማንም አልነገርሽም?»

«የጠየቀኝ የለማ!»

ዴርሊስ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ መጮኽ ጀመረ። «ይሄ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል? አክስቴን በቋጠሮው ገድሎ ማንጎ ሥር ቁጭ ብሎ ቴሬሬ ይጠጣል?»

«አንተ ብሎ ለቀስተኛ!» ብራውሊዮ ብድግ አለ። «በዓመት አንዴ ለገና መጥተህ ሣሎን ትለካ የነበርክ!»

«ተቀመጡ» አለች ፔትሮና፣ ሁለቱንም። «ዴርሊስ፣ ሐሙስ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«አሱንሲዮን፣ የልጄ ትምህርት ቤት በዓል ላይ። ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት። ሁለት መቶ ወላጅ አይቶኛል፤ በወላጆች ጭፈራ ላይ ወድቄ ሱሪዬን ቀድጃለሁ፤ ቪዲዮው በየስልኩ ነው።» ቪዲዮውን አሳያት። እውነቱን ነበር። ብራውሊዮ የበለጠ ተናደደ።

ክሪስፒና፣ የቤቱ ሠራተኛ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ሐሙስ ኢታውጓ እኅቷ ዘንድ ውላ በመጨረሻው አውቶቡስ ነው የተመለሰችው፤ ሹፌሩ ጎረቤቷ ነው።

«የካሳቫ ዱቄት ጎድሎብሻል?» አለቻት ፔትሮና።

ሴትዮዋ አፏን ይዛ ቀረች። «ማን ነገረዎት? ረቡዕ ጣሳውን ሙሉ ገዝቼ ነበር! ለቺፓው ላቦካ ስከፍተው ግማሽ ሆኗል። እኔማ ይሄ ብራውሊዮ እንደ ልማዱ ጣሳዬን ለምስማር ገልብጦት ነው ብዬ ስረግመው ሰነበትኩ።»

«አንዴ ነው የገለበጥኩት! ያውም ከስምንት ዓመት በፊት!»

«አልረሳሁማ!»

መጨረሻ የመጡት ዶን ላውሮ ፔንያ ናቸው። የጎረቤት ግቢ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ በሁለቱ ግቢ መካከል ያለው የአጥር በር ተቆልፎ አያውቅም። አርባ ዓመት ስለ ዶኛ ኦቲሊያ ሥራ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ‹ጥቁር እጆች› የሚለው መጽሐፋቸው በየትምህርት ቤቱ ይነበባል። ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ዐይናቸው ደም መስሎ፣ የብራውሊዮን ትከሻ ዳበስ አድርገው ተቀመጡ።

«በዚህ ሰው አትፍረጂ፣ ልጄ» አሏት ፔትሮናን። «ቋጠሮ ይሳሳታል። ልብ ግን አይሳሳትም።»

ብራውሊዮ በዚህ ንግግር ሊያለቅስ ደረሰ። ይቅርታ ያደረጉለት የመጀመሪያው ሰው ነበሩ።

«ሐሙስ ከሰዓት?» አለች ፔትሮና።

«ተኝቼ ነበር፤ በዚያ ነፋስ ማን ይወጣል? ጩኸቱን ሰምቼ ስመጣ ሳጅኑ ደርሶ፣ እሷም ተሸፍና ነበር። ፊቷን እንኳ አላየሁም። ሣጥኑም ታሽጎ ተቀበረ።»

«ሰኞ ዕለት ስለ ቅጂው ምን አሉ?»

ዶን ላውሮ ፈገግ አሉ። «ይቀዳ ብዬ ለመንኳት። በቀጣዩ ወር ባሕር ማዶ ስለ እሷ እናገራለሁ፤ ይህን ድንጋይ ይዤ ልሄድ ቃል ገብቼ ነበር። ተቆጣችኝ። ‹አርባ ዓመት ስለ ድንጋዮቼ ጻፍክ፤ አንድ ቀን በእጅህ ነክተሃቸው አታውቅም› አለችኝ። በሰው ፊት።» መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉ። «ቁጡ ነበረች።»

*

የዘጠነኛው ቀን ጸሎት ቅዳሜ ከሰዓት በግቢው ተደረገ። መቁጠሪያው ተደግሞ ሲያበቃ ክሪስፒና በሰፌድ ሙሉ ቺፓ አዞረች። ዴርሊስም በካርቶን ሌላ ነገር አዞረ። በሐምራዊ ጥብጣብ የታሰሩ፣ ጡጫ የሚያካክሉ ነጭ የፕላስቲክ ድንጋዮች። ሠላሳ ስምንት ነበሩ።

«የአክስቴ መታሰቢያ» ይላል ለእያንዳንዱ።

ብራውሊዮ እጁ ላይ ሲያርፍለት ቅለቱ አስደነገጠው። ስምንት ወር! ስምንት ወር እሳቸው በመሮ፣ እሱ በብርጭቆ ወረቀት፣ ጣታቸው ደም እስኪያወጣ! አሁን ልጆች ሣር ላይ እያንከባለሉት ነው። አንዷ ሴትዮ ከቺፓው ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሊወረውረው እጁን ሲያነሣ ፔትሮና ክንዱን ያዘችው።

«ከመወርወርዎ በፊት ይዳብሱት» አለችው በዝግታ። «ዐይንዎን ጨፍነው። ያንን ድንጋይ እንደ እርስዎ እጅ የሚያውቀው የለም።»

ጨፈነ። አውራ ጣቱ ቀዳዳውን ዞረ፣ ወገቡን ወረደ፣ ሥሩ ደረሰ። ሁሉም እንደ ነበረ ነው፤ የተጠረበው ማዕበል፣ ጉብታው። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። ጎኑ ላይ፣ ማዕበሉ መኖር በነበረበት ስፍራ፣ ጠፍጣፋ ነገር አለ። እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ። እንደ ሞተ ነገር።

«ይሄ የእሳቸው አይደለም» አለ። «እዚህ ጋ ውሸት ነው።»

በዚያች ቅጽበት ዶን ላውሮ ተነሥተው ማንበብ ጀምረው ነበር። ከቅጂዎቹ ጋር በታደለው ካርድ ላይ የታተመ ንግግራቸው ነው። ድምፃቸው ያምራል።

«ኦቲሊያ ሆይ፣ ድንጋይሽ ለሁላችን ተከፈለ። አንቺም እጆችሽ እስከ ክርን ነጭተው፣ እንደ ሙሽራ ሄድሽ።»

ብራውሊዮ ካርዱን ገልብጦ አነበበው። እስከ ክርን። ስለ ቋጠሮው፣ ስለ ወህኒው ያሰበው ሁሉ ከልቡ ወጣ።

«ኮሚሳር!» ጩኸቱ ግቢውን አናወጠው። «እጃቸውን ያጠብኳቸው እኔ ነኝ! ነጭ ነበር፣ እስከ ክርናቸው! ሰው ሳይመጣ በፊት አጠብኩት! ከእኔ በቀር ያየ የለም!»

«ስድስት ቀን ጠበቅኩዎት» አለች ፔትሮና። ከበሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ በአገጯ ምልክት ሰጠች፤ በሩ ተዘጋ። «እንግዲህ ሁላችሁም ተቀመጡ። ቺፓውን ብሉ፤ ይቀዘቅዛል።»

ማንም አልበላም።

«ብራውሊዮ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ድንጋዩን አጥቦ ሄደ» ብላ ጀመረች። «እሑድ እኔ ስደርስ ግን ቀዳዳው ውስጥ የካሳቫ ዱቄት ነበር፤ ጉንዳኖቹ አሳዩኝ። ጥቁር ድንጋይ ላይ ዱቄት የሚነሰንሰው ለምንድን ነው? ሊሳንድራ፣ አንቺ ንገሪያቸው።»

«ማሽኑ እንዲያየው።»

«ስለዚህ ያ ማሽን ሐሙስ ከሰዓት ሠርቷል። አንቺ ነሽ?»

«እኔ ካሳቫ? ሌንሴ ውስጥ ገብቶ ይለጠፍብኛል! የራሴ መርጫ አለኝ። ደግሞ ሐሙስ ሱቄ ነበርኩ፣ ከሁለት ደንበኛ ጋር እስኪመሽ።»

«አጣርቻለሁ። ዱቄቱን የነሰነሰው ባለሙያ አይደለም። ሰኞ ዕለት ‹ነጭ ዱቄት› ሲባል ሰምቶ፣ ነጭ ዱቄት ሲፈልግ እጁ ወደ ወጥ ቤቱ ጣሳ የሄደ ሰው ነው። ድንጋዩንም ጠፍሩንም አለበሰው። ደረቅ የካሳቫ ዱቄት በተለሰለሰ ድንጋይ ላይ ምን እንደሚሆን ክሪስፒና ታውቃለች።»

«ያንሸራትታል» አለች ክሪስፒና። «ወለል ላይ ከፈሰሰ አንገት ይሰብራል።»

«ሰውየው ማሽኑን ሊያመጣ ዞር ሲል ዶኛ ኦቲሊያ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው መጡ። ድንጋያቸው እንደ ሊጥ ነጭቶ ተንጠልጥሏል። ምን ያደርጋሉ? የምታውቋቸው ንገሩኝ።»

«በእጃቸው ይጠርጉታል» አለ ብራውሊዮ። ድምፁ ተሰበረ። «እየተሳደቡ፣ አቅፈው ይጠርጉታል።»

«አቅፈው ጠረጉት። ድንጋዩ ከጠፍሩ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ቋጠሮው እስከ ዛሬ አልተፈታም።» ይህን ስትል ከሰዉ መሐል የተቀመጠውን ሳጅን አየችው፤ ሳጅኑ መሬት መሬት አየ። «እስከዚህ አደጋ ነው። አሁን ቅጂዎቻችሁን አንሡ። ጎኑ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ አለ፤ ታገኙታላችሁ። ሊሳንድራ፣ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ቅጂውን አገላበጠች። «ማሽኑ ማየት ያልቻለው ቦታ ነው። ሌላ ነገር የነካው፣ የተሸፈነ ቦታ። ኮምፒዩተሩ ዝም ብሎ በልሙጥ ይደፍነዋል።»

«ድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ቢቀዳ ጠፍጣፋው ሥሩ ላይ ይሆን ነበር። ሥሩ ግን ሙሉ ነው። ተንጠልጥሎ ቢቀዳ ጠፍሩ እንደ መቀነት አብሮ ይታተም ነበር። መቀነት የለውም። ታዲያ ሲቀዳ በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ምን ላይ?»

የሥራ ቤቱን በር ከፈተችው። ጥቁሩ ድንጋይ የከሰዓቱ ብርሃን አርፎበት ታየ። «ዶን ብራውሊዮ፣ ያንኑ ቦታ እዚያ ላይ ያሳዩን።»

ሄዶ እጁን አኖረ። በመዳፉ ዙሪያ፣ ድንጋዩ ላይ የደረቀ ጥቁር ቡናማ የደም ነጠብጣብ ነበር። ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት ቅጂዋን እንደ ፍም ከእጇ ጣለችው።

«እሳቸው ላይ» አለች ፔትሮና። «ድንጋዩ እሳቸው ላይ ተጋድሞ ሳለ ነው የተቀዳው። ሐኪሙ ከወደቀባቸው በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ ብሏል። መቅዳቱ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። የቀዳው ሰው እሳቸው የጠረጉትን ቦታ መልሶ ነስንሶ፣ ሲጨርስ ዱቄቱን ከድንጋዩም ከወለሉም ጠርጎ፣ ቀዳዳውንና እጃቸውን ብቻ ትቶ ሄደ። ዴርሊስ ሁለት መቶ ሰው ፊት ሱሪውን እየቀደደ ነበር። ክሪስፒና ኢታውጓ ነበረች። ማሽኑን ሰኞ ዕለት በማንጎ የተለማመደ፣ በአጥር በር የሚገባ አንድ ሰው ቀረ። እሱም ‹ፊቷን እንኳ አላየሁም› ብሎኛል። ዶን ላውሮ፣ አርባ ዓመት ‹ጥቁር እጆች› ብለው ጽፈው፣ ዛሬ ምን አነጣቸው?»

«ምሳሌ ነው» አሉ ዶን ላውሮ። «የሥነ ጽሑፍ…»

«እስከ ክርን?»

ካርዱን አዩት። በገዛ ቃላቸው ታትሟል፤ ሠላሳ ስምንት ሰው ይዞታል። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ሐኪም ቢመጣም አትድንም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እሷ ታልፋለች። ቅርጹ ግን መቅረት ነበረበት። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር የቀረኝ።»

ብራውሊዮ በሕይወቱ ሙሉ ይህን ሰው «እርስዎ» ሲል ኖሯል።

«አንተ!» አለው። ሰዉን እየገፋ መጣ፤ ፔትሮና ደረቱ ላይ እጇን አሳረፈች፤ አላለፋትም፤ ድምፁ ግን አለፈ። «ካቴናው ከትከሻህ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር! በአንድ እጅ ነው የሚሳበው! በአንድ እጅ! ባንዱ እጅህ ማሽኑን ይዘሃል፤ ሌላው እጅህ ምን ይሠራ ነበር?»

ላውሮ ሳያስበው ሁለተኛውን እጁን አየው። ያ እጅ ባዶ ነበር። ሲወስዱት እንኳ እያየው ሄደ።

*

የብራውሊዮ ክስ ተቀደደ። ሳጅኑ ቤቱ ድረስ መጥቶ «እንግዲህ ሰው ይሳሳታል» አለው። ብራውሊዮ በሩን ዘጋበት።

ከዚያ ሳምንት ሙሉ ጆንያ ይዞ አሬጓን ከቤት ቤት ዞረ። ከአንዱ ልጅ በጉልበት፣ ከአንዷ አሮጊት በልመና፣ ከዴርሊስ በስድብ፣ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ። አንዱ ፔትሮና ዘንድ ለማስረጃ ቀረ። ሠላሳ ስድስቱን በሥራ ቤቱ ወለል ላይ ዘርግቶ ትልቁን መዶሻ አነሣ። ፕላስቲኩ በቀላሉ አይሰበርም፤ ይጎብጣል፣ ይዘላል። እያንዳንዱን እስኪደቅ መታው፤ ላቡ በዐይኑ ገባ።

ሠላሳ ሰባተኛው ኪሱ ውስጥ ነበር፤ የራሱ። አወጣው። አውራ ጣቱ ሳያዘው ሄዶ ጠፍጣፋው ቦታ ላይ አረፈ። ማሽኑ ያላየው ቦታ። በዚያ ውሸት በሆነ ነገር ሁሉ ላይ፣ እሳቸው የነበሩበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

መዶሻው እጁ ላይ ከበደው። ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ዞረ። ያልፈለጉትን፣ የጠሉትን፣ ወሬ ያሉትን ነገር በመዳፉ እንደ ጨበጠ ነው።

«ይቆጡኝ» አላቸው። «እውነትዎን ነው። ይቆጡኝ።»

መዶሻውን አስቀመጠ፤ ቅጂውን ወደ ኪሱ መለሰ። ከዚያ በባልዲ ውሃ አመጣና ድንጋዩን ማጠብ ጀመረ።